እሁድ እሁድ ወደ ሃንጋሪ

ኦክቶበር 6፣ 1996፣ እሁድ

ዛሬ ሃንጋሪ ሄጄ መጣሁ። ደረጃ ወጥቼ።

በዚህ በሰው አገር፣ ቡሪየን የሚባል ሰፈር ያለው ይሄ ቤት የወይዘሮ ኢሎና ነው። እሳቸው ላይ ይኖራሉ፤ እኛ ምድር ቤቱን ተከራይተናል። እኛ ስል እኔና የሰባት ዓመቷ ልጄ ሃሴት ማለቴ ነው፤ ባለቤቴ ይርጉ ትራክ ስለሚነዳ በወር ሁለቴ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ኪችን እሠራለሁ። ሃሴትን ከትምህርት ቤት መልስ፣ እኔ እስክመጣ የሚይዙልኝ ወይዘሮ ኢሎና ናቸው። ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጠያቂ ዘመድ የላቸውም። ሃሴት «ኔኒ» ትላቸዋለች፤ በቋንቋቸው እትዬ እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት ባይቻልም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማዋራቸው።

ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ ዳርዳሩ የነተበ የአገራቸው ካርታ አለ። ዛሬ ሃሴት ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ቀይ የሆነች ስፒል በስተምሥራቅ ደብረጸን የምትባል ከተማ ላይ ሰካች። ስሟ የገዳም ስም ነው ብዬ ሳቅሁ። የደብረጸን ምግብ ግን ገዳም አያስገባም፤ የአሳማ ቋሊማ ነው። አንበላም ስላቸው አንስተውት ድንች በፓፕሪካ ሠሩልን። ከዚያ «እሁድ እሁድ አንድ ከተማ እንሄዳለን፤ ሻንጣ አያስፈልግም፣ ማንኪያ ይበቃል» አሉን።

ቀኑን ሙሉ አገር የሌለው ምግብ ትሪ ላይ ስደረድር ነው የምውለው። አገር ያለው ምግብ መብላት ደስ አለኝ።

ኦክቶበር 13፣ እሁድ

ሆርቶባጅ። ፈረስና ከብት የሚሰማሩበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው አሉ። ስስ ፓንኬክ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ይጠቀለልና ቀይ ወጥ ከነአይቡ ይፈስበታል። ሦስት በላሁ። አራተኛውን ያላነሳሁት ልጄ ስላየችኝ ብቻ ነው።

ፓፕሪካቸው መልኩ በርበሬ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጣፋጭ። ቀይ ሆኖ የማያቃጥል ነገር ያናድደኛል። ወርጄ በርበሬዬን አምጥቼ ነሰነስኩበት። ወይዘሮ ኢሎና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎት መሰለኝ።

መስኮታቸው ላይ የደረቁ አበቦች በክር ተንጠልጥለዋል። ራሳቸው ትንንሽ ቅል ነው የሚመስለው፤ ነፋስ ሲነካቸው ውስጣቸው ያለው ፍሬ ይንሿሿል። «ለኬክ ነው» አሉኝ።

ኦክቶበር 17

ፈጥኜ ልጻፍ፣ ረፍዶብኛል። ትናንት ከሥራ ስመለስ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። እዚህ ሰፈር ጣሪያ ለጣሪያ ነው የሚያልፉት። ወይዘሮ ኢሎና ሃሴትን ጎትተው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። እሷ ጨዋታ መስሏት ስትስቅ አፏን ያዟት። እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አውሮፕላን ገና ትናንት ነው የሰሙት?

ኦክቶበር 20፣ እሁድ

ሶልኖክ፤ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የዓሣ ሾርባ፣ ደም የመሰለ፣ ዓሣው ከነራሱ። ሃሴት ዓይኑን እያየች በላች። ቤቴ ዶሮ ወጥ ላይ ሽንኩርት ታየኝ ብላ የምታለቅስ ልጅ።

ስፒሏ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። «ለምን በዚህ ቅደም ተከተል?» አልኳቸው።

«መንገዱ እንዲህ ነው የሚሄደው።»

«ማን የሄደበት መንገድ?»

ዳቦ ቆረሱልኝ።

ማዕዱ ላይ አራት ማንኪያ ነበር። ይርጉ የሚመጣ መስሏቸው ይሆናል። አራተኛው ግን የሕፃን ማንኪያ ነው።

ኦክቶበር 27፣ እሁድ

ሰዓቱ ወደኋላ ተመለሰ። ከእንግዲህ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ መግባት ነው።

ዛሬ ቡዳፔስት ገባን። ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሰፊ ሊጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የተቀባ፤ መንገድ ላይ እየተራመዱ ነው የሚበሉት አሉ። ስለዚህ ሦስታችንም በኩሽናው ውስጥ እየዞርን በላን። በጣም ሳቅን። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከሳቁ በኋላ ነው ያበላሸሁት። ሃሴት ስኳር እንደበላ ልጅ ትጮኽ፣ ትዘፍን ጀመር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ እግሬ አብጧል። ስመጣ ታሪኳ አያልቅም፣ ጥያቄዋ አያልቅም፣ ሳሏና ልቅሶዋ አያልቅም። ዝም በዪ ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ለወይዘሮ ኢሎና «እባክዎ፣ ከሥራ ስመጣ ተኝታ ብትጠብቀኝ ትልቅ ውለታ ነው» አልኳቸው። ቀልድ አስመስዬ ነው ያልኩት። ቀልድ አልነበረም።

እጃቸው ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቆሙ።

«ልጅ ዝም የሚያሰኝ ነገር አውቃለሁ» አሉ። «ከሠራሁት ግን ቆየ።»

ኦክቶበር 30

ተኝታ አገኘኋት። ተመስገን። እራቴን ተቀምጬ በላሁ።

ኖቬምበር 1፣ ዓርብ

ዛሬም ተኝታ። ሶስት ቀን ሙሉ ሰው ሆኛለሁ።

የጠጣችበት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ግማሹን አስተርፋዋለች። ወተት በማር፣ የሆነ የቅጠል ሽታ ያለው። ልቀምሰው አንስቼ ዓርብ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መለስኩት። ምንድን ነው ብላቸው «እናቴ ለእኔ የምትሠራልኝ ነው፣ የአትክልት ቦታ አበባ» አሉኝ። የእኛ ዳማከሴ ዓይነት መሆን አለበት። ሽማግሌ ሰው አፋጥጦ መጠየቅም ነውር ነው።

ኖቬምበር 4

ይርጉ ከሞንታና ደወለ። «ሶ ሃሴት እንዴት ናት? አገናኚኝ» አለ። አገናኘኋቸው። ትንሽ ቆይቶ «ለምንድን ነው የምታንሾካሹከው? አሟታል?» አለኝ።

«ጨዋ ሆና ነው» አልኩት።

«ሠርኬ፣ እኔ የማውቃት ሃሴት ስልክ ላይ ጆሮ ታደነቁራለች።»

እውነቱን ነው። አሁን ስትራመድ እንኳ ኮቴዋ አይሰማም። ከበስተኋላዬ ቆማ አግኝቻት ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ። ግን ጸጥተኛ ልጅ መውደድ ኃጢአት ነው?

ኖቬምበር 10፣ እሁድ

ጁር። በቅቤ የተጠበሰ ጎመንና ፓስታ፣ ቁንዶ በርበሬ በዛ ያለበት። ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን አልበላልህ አለኝ።

«ካቲ፣ ብዪ» አሉ ወይዘሮ ኢሎና።

ሃሴት በላች። ቀና ብላ እንኳ ማንን ነው አላለችም።

«ካቲ ማን ናት?» አልኩ።

«ልጄ።»

ልጅ እንዳላቸው ነግረውኝ አያውቁም። «የት ነው ያለችው?»

«ተኝታለች።»

አውሮፓ በዚያ ሰዓት ሌሊት ነው። ልጅቷ እዚያ ትኖር ይሆናል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ሳህን አጥቤ ወረድኩ።

መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት አበቦች ሳስተዋል። ኬክ ግን አልበላንም።

ኖቬምበር 13

ቲቸሯ ሥራ ቦታ ደወለች። ሃሴት ክፍል ውስጥ ትተኛለች አለች። ክረምት ነው፣ ሳል ይዟታል አልኳት። ትሪው አመለጠኝ፤ የተሳፋሪው ሁሉ ጄሎ፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ፣ ወለል ላይ።

ኖቬምበር 15

ሥራ ላይ አጠገቤ የምትቆመው አፀደ ናት። ኖርዝጌት ከሁለት ወንድ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ነገር አያመልጣትም።

«ሲሪየስሊ፣ ዶክተር ጋ አሳዪያት» አለችኝ። «ኤንድ ጠበልም አስጠምቂያት። ባዕድ ቤት እየዋለች፣ ባዕድ ዓይን እያያት ነው የምትበላው።»

«ሴትየዋ ካንቺ በላይ ነው ልጄን የሚወዷት።»

«እሱማ ነው የሚያስፈራው» አለችና ጓንቷን ቀየረች።

ተናድጄ ቀኑን ሙሉ አላዋራኋትም። የተናደድኩት ግን በማን እንደሆነ አላውቅም።

ኖቬምበር 17፣ እሁድ

ካፑቫር። ምዕራብ ጠርዝ ላይ ናት፣ ከዚያ በኋላ ካርታው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። የድሃ ምግብ፤ ዱቄት ደረቅ መጥበሻ ላይ ቆልተው የቦሎቄ ውሃ ያፈሱበታል፣ ቦሎቄውም ይገባበታል። ገንፎና በሶ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው። ይሄ ምግብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም አገሬም አለ።

መጋረጃው በቀን ተዘግቷል። መብራት አላበሩም። በሹክሹክታ ነው የበላነው፤ እኔም ሳይታወቀኝ ሳንሾካሹክ ራሴን ያዝኩት። ውጭ የጎረቤት መኪና ሲቆም ሃሴትና ወይዘሮ ኢሎና አንድ ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አንድ ላይ።

ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር አሳዩኝ። ቦይ ነው አሉ፤ ወዲህ ማዶ ሃንጋሪ፣ ወዲያ ማዶ ኦስትሪያ፣ ዳሩ ሁሉ ሸምበቆ። «አንድ እሁድ ቀረን» አሉኝ።

በፈረንጆች አምሳ ስድስት፣ አመፁ በታንክ ሲደፈጠጥ፣ ከአገራቸው ሸሽተው እንደወጡ ሲያከራዩን ነግረውናል። በኅዳር ነው ያሉት። ዛሬ ኅዳር ስምንት ነው። መንገዱ የእሳቸው መንገድ ነው። ታዲያ ምን አለበት፣ ሰው ያለፈበትን መንገድ በምግብ ቢያስታውስ? ለራሴ ይሄን ስል ቆየሁ።

ኖቬምበር 20

ሌላ የሚይዛት ሰው ልፈልግ ነው። ማን ግን? አፀደ ሩቅ ናት። ይርጉ «ኦኬ፣ ስመጣ እናወራለን» አለ። ሃሴትን «ኔኒ ጋ መዋል ትጠያለሽ?» ብላት «አይ ላይክ ኢት። ኢትስ ኳየት» አለችኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በእርግጠኝነት እፈልጋለሁ።

ስፒሏ ከካፑቫር ተነስታለች። ገና ረቡዕ ነው።

ኖቬምበር 22

ኮቷን ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ ሁለቱም ኪስ በደረቅ ቂጣ ተሞልቷል። ትንንሽ፣ ክብ፣ ሥራቸው አመድ የነካው። ለመንገደኛ የሚጋገር ነው፤ ኔኒ ሰጥታኝ ነው አለች።

«የት ልትሄጂ?»

«ወደ ማዶ።» ከዚያ በእንግሊዝኛ «ድንበሩ ጋ ማውራት አይቻልም፣ ማሚ። አንዲት ልጅ ካለቀሰች ሁሉም ሰው ይሞታል» አለችኝ። ጥርሴን ቦረሽኩ እንደማለት ቀለል አድርጋ።

እሁድን ላሳልፍና ሰኞ ለሥራ ቦታ ነግሬ እወስናለሁ። ለሴትየዋ የጉዟቸው መጨረሻ ነው፤ አቋርጬባቸው ማስቀየም አልፈልግም።

ኖቬምበር 24

ሆስፒታል ነኝ። ትተነፍሳለች። ትተነፍሳለች።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ነቅታለች። «ውሃ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ። አሁን ደግሞ ተኝታለች፤ ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ትቀሰቅሳታለች። ነርሷ ስትዘገይ እኔ እቀሰቅሳታለሁ። ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ቁጭ ማለት አልችልም።

ትናንት ጾመ ነቢያት ገባ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስል ሃሴት ሳሏ ስለባሰ ላይ ቤት አደረስኳት። ወይዘሮ ኢሎና ካፖርት ለብሰው፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ ኩሽናቸው ውስጥ ጫማ አድርገው ቆመዋል። ሁለት ኩባያ ወተት ቀርቧል። አንዱን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንቺም ጠጪ፣ ሩቅ ነው» አሉኝ።

«ጾም ነው፤ ወተት አልጠጣም» አልኳቸው።

ሃሴት የእሷን ጠጣች። ቆሜ አየኋት። ሙሉውን ጨርሳ ኩባያውን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ጎበዝ አልኳት። በእኛ ቤት ለልጅ የሚሰጥ መድኃኒት እናት ሳትቀምሰው አይሰጥም። ዳማከሴ እንኳ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ነው። ያንን ግን አልቀመስኩም፤ ወተት ነዋ፣ ጾም ነዋ። ጾሜን ጠበቅሁ። እግዚአብሔር ይይልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አይቷል።

ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ጨልሟል። በእኩለ ቀን። ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ስፒሏ ከሰማያዊው መስመር አልፋለች። ካርታው ያበቃበት ባዶ ግድግዳ ላይ ነው የተሰካችው።

ከሶፋው ጀርባ አገኘኋቸው። ወይዘሮ ኢሎና ወለል ላይ ተቀምጠው ሃሴትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈዋታል። እኔን ሲያዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነው። እንደዚያ ያለ ደስታ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«እዪያቸው፣ ወታደሮቹ ውሃው ጋ ናቸው» አሉኝ። «አላለቀሰችም። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት።»

የልጄ ከንፈር ሰማያዊ ነበር። አንገቷ እጄ ላይ ዞረ። ጮኽኩ። ስጮኽ አንድ ነገር ፊታቸው ላይ ተሰበረ፤ ዙሪያቸውን አዩ፣ ሶፋውን አዩ፣ ሃሴትን አዩ። 911 ደውዬ እስኪመጡ እየገለበጥኩ፣ ጉንጯን እየመታሁ፣ ስሟን እየጠራሁ ሳለ ነው የነገሩኝ። እንደ ልጅ እጃቸውን አጣጥፈው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

«ካቲ ታለቅስ ነበር። አብረውን ያሉት ሰዎች ዝም አሰኚያት አሉኝ። ወተት ሰጠኋት። ለሁሉም ልጆች ሰጠን። ተሻገርን። ጠዋት ኦስትሪያ ላይ የሌሎቹ ልጆች ሁሉ ነቁ።»

አምቡላንሱ በር ላይ ሲቆም ሃሴትን አቅፌ ወረድኩ።

ዶክተሩ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን አበባ ስነግረው ፖፒ ነው አለኝ፤ ኦፒየም የሚወጣው ከእሱ ነው። ስንት ጊዜ ሆናት ስትጠጣ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ዋሸሁ። አበቦቹ ሲሳሱ እያየሁ ነበር፤ ልጄ ስትሳሳ እያየሁ ነበር። ስለተኛችልኝ ዝም አልኩ።

ኖቬምበር 30

ይርጉ ትራኩን ስፖኬን አቁሞ በአውቶቡስ መጣ። ጠቅልለን አፀደ ጋ ኖርዝጌት ገባን። አፀደ አንድም ጊዜ ብዬሽ ነበር አላለችም፤ ብትለኝ ይሻል ነበር።

ወይዘሮ ኢሎናን ወደ ሕክምና ወስደዋቸዋል። የመርሳት በሽታ ነው፣ የቆየ ነው አሉ። ሶሻል ወርከሯ «ምልክት አላየሽም?» አለችኝ። ልጠላቸው እፈልጋለሁ፣ ይርጉ ይጠላቸዋል፣ እኔ ግን አልሆነልኝም። እሳቸው ያለ አእምሯቸው ነው ያደረጉት። እኔ አእምሮዬ ሙሉ ነበር።

ዲሴምበር 2

ዶክተሮቹ ምንም ጉዳት አልደረሰባትም አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሦስቴም ምንም አሉ።

እንቅልፏን አልለቅላትም። አይዞሽ፣ ተኚ እላታለሁ፤ ዓይኗ ሲከደን ትከሻዋን እይዛለሁ። ይርጉ «ሠርኬ፣ ልጅቷ ትረፍ» ይለኛል። እሱ ከንፈሯን አላየም።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአፀደ ልጆች ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። በር ይወረወራል፣ ኳስ ይነጥራል፤ እኛ ኩሽና ውስጥ ድንች እንልጣለን። ጩኸቱ ደስ ይለኛል አሁን። ጆሮዬ ግን የሚፈልገው ሦስተኛውን ድምፅ ነው፤ እሱ የለም።

ልፈልጋት ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ። ልጆቹ በሩን ሲወረውሩት ጣቷ ተይዟል። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ጣቷ ውስጥ እንዳለ። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል። አፏ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ድምፅ አልነበረውም። እንደዚያ ምን ያህል ቆማ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

በሩን ከፍቼ ጣቷን አወጣሁት። ተጨፍልቋል፣ አልተሰበረም። ተንበርክኬ «ጩሂ» አልኳት። «ሃሴቴ፣ ጩሂ፣ እዚህ ማንም የለም፣ ጩሂ እናቴ።» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለመንኳት። ደረቷ ይነሳል፣ ይወርዳል። ምንም አይወጣም።

ያኔ እኔ ጮኽኩ። ይርጉ ከሳሎን እየሮጠ መጣ፣ አፀደ ከነቢላዋዋ መጣች፣ ልጆቹ ግድግዳ ተለጠፉ። ማቆም አልቻልኩም።

ሃሴት ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ደህናውን እጇን አፌ ላይ አድርጋ ያዘችኝ።